ብረትና በረት

ወደ ሠላሳ ዓመት ግድም ያልሰማሁትን ድምፅ ከማላውቃት ልጅ ጆሮ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩ የሆነው ሱሉልታ ነው። የወንድሜ ልጅ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ሄጄ፣ ገንፎውንም ቀምሼ፣ ሕፃኑንም መርቄ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲሱ ገበያ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ከሱሉልታ ቡራዩ ለመድረስ ከተማውን በግማሽ መዞር ግድ ስለሆነ መጽሐፍ ሳልይዝ አልወጣም። የዚያን ዕለት ግን መነጽሬን አራሷ ቤት ረስቼ ኖሮ፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ የሰው ወሬ ማዳመጥ ያዝኩ። አጠገቤ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ቱታ ለብሳለች፤ የሩጫ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ሱሉልታ እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ሲያካልሉት ነው የሚያረፍዱት። ጆሮዋ ላይ የሰካችው ነገር ድምፁን ወደ ውጭ ያፈሳል። መጀመሪያ የሰማሁት ከበሮ ነው፤ ከበሮም ማለት ይከብዳል፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሉት። ቀጥሎ የአንድ ሰው ጩኸት። ከጩኸቱ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሳይቋረጥ የሚያጉረመርም፣ በአፍንጫው የሚያለቅስ፣ ትንፋሽ የማይወስድ ነገር። ሳላስበው ክንዷን ነካኋት።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምንድን ነው የምትሰሚው?»

አንዱን ከጆሮዋ ነቀለች። «ረበሽኩዎት እማማ? ልቀንሰው።»

«አትቀንሺው። ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

ፈራ ተባ አለች። «ሜታል ነው። ብላክ ሜታል ይሉታል። ይሄኛው ደግሞ ኬልቲክ የገባበት ነው፤ ፈረንጆቹ የድሮ የባህል መሣሪያቸውን ከሜታል ጋር ሚክስ አድርገው… ተዉት፣ ለእርስዎ አይሆንም። ራስ ያሳምማል።»

«ያቺ የምታጉረመርመው ስልቻ ናት አይደል? በብብት የምትታቀፍ፣ ወናፍ ያላት?»

ልጅቷ ሙሉ ለሙሉ ዞራ አየችኝ። ከፊታችን የተቀመጠው ጎልማሳም ዞረ።

«እርስዎ ብላክ ሜታል ይሰማሉ?»

«ድሮ ሰምቻለሁ፣» አልኳት። «ሰበታ።»

«ሰበታ? ሰበታ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ጨርቅ ሊሠራ፣» አልኳት። እየቀለድኩ አልነበረም።

አንዱን ጆሮ ማዳመጫ በጃኬቷ እጅጌ ጠርጋ ሰጠችኝ። ይሄን እየሰማሽ እንዴት ትሮጫለሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ዳገት ስወጣ ሳንባዬ ይቃጠላል እማማ፤ መጮህ ያምረኛል። ከጮህኩ ግን ትንፋሼ ያልቃል። እሱ ይጮህልኛል፣» አለችኝ። ይህን መልስ እስከ ዛሬ አላምጬ አልጨረስኩትም። እንጦጦን ዞረን እስክንወርድ በአንድ ጆሮዬ የእሷን ሰውዬ፣ በሌላው ጆሮዬ ሰበታን ስሰማ ሄድኩ።

የዚያን ጊዜዋ ሰበታ ለሚያውቃት ሰው አንድ መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። ከአለም ገና የሚመጣው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ወደ ተፍኪ ያልፋል፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ጓሮና ላም። መንግሥት ተለውጦ ሰው ገና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት እየተለማመደ ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል፤ ሁለት ብር ያለው ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ሌላ ሁለት ብር ካለው ይመለሳል። የጨርቃ ጨርቁ ጡሩምባ ጠዋት ሲነፋ ከተማው ሁሉ ሰዓቱን ያስተካክላል። እኛ ሴቶቹ ሰማያዊ ጋዋናችንን ለብሰን፣ ሻሻችንን ከቅንድባችን በላይ አጥብቀን አስረን፣ በኮንጎ ጫማ እየተንሿጠጥን በጓሮው በር እንገባለን። ቄንጠኛዎቹ ከጋዋኑ ሥር ጅንስ ሱሪ መልበስ ጀምረው ነበር፤ እኔ ግን ጉርድ ቀሚሴን አልተውኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወደ አርባ እየተጠጋሁ የማታ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ይሳሳል። እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴን በፌስታል ጠቅልዬ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ይዤ ነበር የምውለው፤ ስለዚህም ፋብሪካው ውስጥ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር «ዘነቡን ጥሯት» ይባላል።

የምሠራው ሽመና ክፍል ነው። ሽመና ክፍል ያልገባ ሰው ድምፅ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሽመና መኪኖቹ ሁሉ ባንድነት ሲመቱ ጆሮ መስማቱን ትቶ ጥርስ ነው የሚሰማው። እርስ በርሳችን በከንፈርና በጣት ነበር የምንነጋገረው። የመኪና ጎረቤቴ አማረች የሆሳዕና ልጅ ናት፤ የቸርቿ ኳየር ዘማሪ፣ ሳቂታ፣ ተናካሽ። መኪናዋ ላይ ቆማ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ትዘምራለች። ማንም አይሰማትም። አፏን ብቻ ነው የምናየው፤ የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ ዐይኗን ጨፍና።

ኮናል የመጣው ለዚህ ክፍል ነው። ከውጭ የተገዙ ያገለገሉ መኪኖች መጥተው፣ የሚተክል ባለሙያ አብሯቸው መጣ። ከአየርላንድ ነው አሉ። በረኞቹ «ኮናል» የሚለውን «ኮሎኔል»፣ «አየርላንድ»ንም «አየር ኃይል» አድርገው ሰምተውት፣ አንድ ሁለት ሳምንት እግራቸውን ገጥመው ሰላምታ ሲሰጡት ከረሙ። ኮሎኔሉ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የሚወርድ፣ ጥቁር ካናቴራ ከገላው የማይለይ ቀጭን ልጅ ነበር። ካናቴራው ላይ የተጻፈው ጽሕፈት የዛፍ ሥር ይመስላል። ቀርቤ ላነብበው ሞክሬ አንድ ፊደል እንኳ ሳልለይ ቀረሁ፤ ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው «የባንዳችን ስም ነው፣ እናቴም ማንበብ አልቻለችም» አለኝ።

ኮናል ከአገሩ በሻንጣ ይዞት የመጣውን ነገር ያየነው አንድ ቅዳሜ ነው። የጓሮው በር አጠገብ ካለችው ግራር ሥር ተቀምጦ አወጣው። ቡናማ ቆዳ ስልቻ፤ ከስልቻው የወጡ የእንጨት ቱቦዎች፤ በወገቡ የታጠቃት ትንሽ ወናፍ። በአንድ ክርኑ ወናፏን ሲጫን ነፋሱ ወደ ስልቻው ይገባል፣ በሌላ ክርኑ ስልቻውን ሲጨምቅ ቱቦዎቹ ማልቀስ ይጀምራሉ። አፉ ሥራ ፈትቷል፤ እየተጫወተ ያወራል።

«ይሄ ደግሞ ስልቻ ነው ቀልቀሎ?» አለች አማረች።

«ስልቻ ሲሉት ቀልቀሎ፣» አልኳት።

«ወናፍ ታጥቆ የሚዘፍን ቀጥቃጭ አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ወናፍ የያዘ ሰው ማረሻ ይሠራል እንጂ አያለቅስም።»

ድምፁን የሰሙት ሌላው ሰው ኦቦ ደቻሳ ነበሩ፤ የጓሮው በር የቀን ጥበቃ። ወፍራም የጥበቃ ካፖርታቸውን በበጋም አያወልቁም። በካፖርቱ የውስጥ ኪስ ዋሽንት አላቸው፤ እሳቸው ኡሉሌ ይሏታል። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በተፍኪ መንገድ ነው፤ ሦስት ላሞች አሏቸው፣ ላሞቹ ረግረጉ ዳር ይውላሉ። ከሥራ ሲመለሱ እደጃቸው ቆመው ዋሽንቷን ይነፋሉ፤ ላሞቹ በራሳቸው ይመጣሉ። ኮናልን ጥቂት አዩትና ዋሽንቷን አውጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ቋንቋ የላቸውም። ስልቻው አንድ ድምፅ ይዞ ያጉረመርማል፣ ኦቦ ደቻሳ በላዩ ላይ ይሄዳሉ፤ ሰው በደረቅ መሬት ላይ እንደሚሄደው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራቸው ይኸው ሆነ።

ሊሄድ ሲቃረብ ኮናል ትንሽ መቅጃ ይዞ መጣና አስተርጉሚልኝ አለኝ። ያቺን ኦቦ ደቻሳ ደጋግመው የሚነፏትን ዜማ ሊቀዳ፣ አገሩ ወስዶ ከጓደኞቹ ዘፈን ጋር ሊያዋህዳት ይፈልጋል። ፈቃድ ይሰጡኛል ወይ?

«ዘፈን አይደለችም በይው፣» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «ላም መጥሪያ ናት። ከአባቴ ነው ያገኘኋት። የእሱ ዘፈን ምን ዓይነት ነው?»

ኮናል «ብላክ ሜታል» አለኝ። ሁለቱንም ቃላት ማወቄ ደስ አለኝ። «ጥቁር ብረት ይባላል፣» አልኳቸው።

«ጥቁር ምን?»

«ብረት።»

የሽመና ክፍሉ መስኮት ተከፍቶ መኪኖቹ ያስተጋባሉ። ኦቦ ደቻሳ ጥቂት አሰቡ። «ኤዬ፣» አሉ። «ጥሩ ነው። ይግባ።»

ይግባ ማለታቸው ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ይውሰድ፣ ይሁን፣ ይቅዳ ነው የሚባለው። ግን እሳቸው የሚያስቡት በኦሮምኛ፣ የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ እኛ ሰበታዎች በሁለት ቋንቋ ተኩል ስለምንኖር እንዲህ ያለውን አንመረምርም። ነፉለት፣ ቀዳ፣ ሄደ።

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ፣ ለመለዋወጫ ሥራ ሌላ ባለሙያ መጡ፤ ሚስተር ኦወን የሚባሉ የኮናል አገር ሰው፣ ሽበታም ሽማግሌ። እንደደረሱ ከጓሮው በር ላይ «ደቻሳ» ብለው ጠይቀው ኮናል የላከላቸውን አንድ ካሴት ሰጧቸውና፣ ሰሜን ያለ ሌላ ፋብሪካ ደርሰው ለመመለስ በነጋታው ሄዱ። ቴፕ ያለው ጀማል ነው። የጀማል ካሴት ቤት መናኸሪያው ጥግ፣ ከአጎቱ ጨርቅ ሱቅ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ነበር የቆመችው። አባቶቹ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። በሩ ላይ ሰው የሚያክል ሞንታርቦ ገትሮ፣ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር ያው አንዱን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ሰበታ ውስጥ ፍቅር የያዘውም የጣለውም በጀማል ሞንታርቦ ነው። ዛሬ ያ ጥግ ባንክ ሆኗል። ሰዎች ቁጥር ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠውበት ሳይ ግራ ይገባኛል።

ጀማል የፈረንጅ ዘፈን ውስጥ የሰበታ ሰው አለ ሲባል ካሴቱን ወዲያው ሞንታርቦው ላይ ለቀቀው። ሰው ተሰበሰበ። በመጀመሪያ ስልቻው አጉረመረመ፤ ያወቅነው ሳቅን። ቀጥሎ የኦቦ ደቻሳ ዋሽንት መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ የእሳቸው ትንፋሽ ሳይቀር። «እሰይ!» አለ አንድ ሰው። ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ያ በረዶ ወረደ። ጊታሩ የወንፊት ውስጥ ጠጠር ይመስል ተንገጫገጨ፤ በላዩ ላይ ሰውየው ጮኸ። ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም፤ ጉሮሮው የተቀደደ ሰው ጩኸት ነው።

«በኢየሱስ ስም፣» አለች አማረች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቴፑ ካሴቱን በልቶት ነው፣» አለ ጀማል። አወጣው፤ በእስክሪብቶ አጠነጠነው፤ የቴፑን ማንበቢያ ሄድ በኮሎኝ ጠረገና መልሶ አስገባው። ሰውየው ከቆመበት ጮኸ። ወደ ሌላኛው ቴፕ አዛወረው። እዚያም ጮኸ። «እንግዲህ ሰውየው ራሱ ነው የተበላው፣» አለ ጀማል።

ኦቦ ደቻሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘነቡ፣ ይሄ የምን በረት ነው?»

«ምን አሉኝ?»

«በረት አላልሽኝም? ጥቁር በረት። ላም በረት ትገባለች ብዬ ነው የሰጠሁት። ይሄ ጅብ የገባበት በረት ነው እንዴ?»

የሳቁ ነበሩ። እኔ አልሳቅኩም። «ብረት ነው ያልኩዎት ኦቦ ደቻሳ። ብረት።»

«ብረት? የሚተኮሰው?»

«የሚቀጠቀጠው።»

ትርጉሜ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ግን ምንም አልጠቀመም። ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩ። «ማል ጄዳ?» አሉ ቀስ ብለው፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው። «ሰውየው በእኔ ጥሪ ላይ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

«አልገባኝም፣» አልኩ። እውነት ለመናገር አንድም ቃል አልለየሁም።

«እንግዲህ እስኪገባሽ ዋሽንቷ ትሰቀል። ላም ጥሪውን አምና ነው የምትመጣው። እርግማን ከሆነ በላዩ ላይ የጫነበት፣ ላሞቼን ወደ እርግማን ልጠራ ነው?»

እንደ ቀልድ ያየነው ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው ግን ዋሽንቷን ከካፖርታቸው አውጥተው ቤታቸው ምሰሶ ላይ ሰቀሏት። ላሞቹ በፉጨት አልመጣ አሉ፤ በልጅ አልመጣ አሉ። ኦቦ ደቻሳ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመው ውለው፣ በሚያማቸው ጉልበት ረግረጉን እየዞሩ መንዳት ያዙ። ዝናቡ እየጠነከረ ነው። አንድ አመሻሽ ርጉዟ ላም ጭቃ ውስጥ ሰምጣ ጎረቤት በገመድ ጎትቶ አወጣት። በማግስቱ በሩ ላይ ሳገኛቸው «አካም ጅርቱ» አልኳቸው። «ፈያ፣ ደህና» አሉኝ፤ ግን ካፖርታቸው እስከ ወገቡ ጭቃ ነበር።

ከሥራ በኋላ፣ ትምህርት ከመግባቴ በፊት ጀማል ሱቅ እየሄድኩ ካሴቱን ማዳመጥ ጀመርኩ። ጀማል በርጩማ ሰጥቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎልኝ፣ «እት ዘነቡ፣ ይሄን ከጨረሽ የሚቀጥለው ጅብ ማስተርጎም ነው፣» ይለኛል። ደጋግሜ ሰማሁት፤ እየሰማሁትም መፍራቴ ለቀቀኝ። ከበሮው ሽመና ክፍል ነው፤ ሁሉም መኪና ሲሠራ ያለው ራሱ ነው። ታዲያ እዚያ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ሌላ በምን ድምፅ ሊዘፍን ነው? አማረችን ያዝኳት። «ሰይጣን ነው ስትይ ሰምቼሻለሁ። አንቺ መኪና ላይ ሆነሽ መዝሙር ስትዘምሪ ምን እንደምትመስዪ ታውቂያለሽ?»

«ምን እመስላለሁ?»

አፌን ከፍቼ፣ አንገቴን ገትሬ አሳየኋት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «እኔ እኮ ጌታን ነው የምጠራው፤ እሱ ማንን እንደሚጠራ በምን አውቃለሁ?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ የኦቦ ደቻሳም ጥያቄ ያው ነው።

ሌላው ያወጣሁ ያወረድኩት የወናፉ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሆድ የሚያባባ የገጠር መሣሪያ ከዚህ ከሚፈጭ ድምፅ ጋር ምን አገናኘው እያልኩ ስገረም ነበር። ኋላ ግን፣ ወናፍ መቼ ከብረት ተለይቶ ያውቃል? የብረት አባቱ ወናፍ አይደለም ወይ? ምናልባት ኮናልና ጓደኞቹ የተጣሉ ዘመዳሞችን ነበር ያስታረቁት። ይህን ለጀማል ስነግረው «አንቺ ብዙ ታነቢያለሽ» አለኝ።

ከጩኸቱ ውስጥ ለይቼ የያዝኩት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ «ቦ» የሚል። መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ፈለግኩት፤ ቀስት፣ እጅ መንሳት፣ የመርከብ አፍንጫ፤ አንዱም አልገጠመ። የማታ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህራችን ፍቃዱን፣ በዕድሜ ታናሼ ቢሆኑም አንቱ ነበር የምላቸው፣ ለምኜ ሱቁ ድረስ አመጣኋቸው። በጥሞና ሰሙ። ማዳመጫውን አውልቀው ጆሯቸውን በጣታቸው አሹ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ከዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ ካገኙ ዲፕሎማዬን እመልሳለሁ።»

«እንግሊዝኛ አይደለም?»

«ምን እንደሆነ አላውቅም። እንግሊዝኛ ግን አይደለም።»

ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ ባለመሆኑ የተሰማኝ እፎይታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ግን ለኦቦ ደቻሳ የሚጠቅም እፎይታ አልነበረም።

ሚስተር ኦወን ከሰሜን እስኪመለሱ ጠበቅን። እንደተመለሱ ሻንጣቸውን ሳያሳርፉ ጀማል ሱቅ ወሰድኳቸው። ኦቦ ደቻሳ የምሳ ሰዓታቸው ስለነበር መጡ፤ አማረችም ሳትጠራ መጣች። ሚስተር ኦወን ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በመጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ቀጥለው እንደ ተማሪ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

«የኛ የድሮ ቋንቋ ነው፣» አሉኝ። «አያቴ የምትቆጣኝ በዚህ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ተምሬው ረስቼዋለሁ።»

ለኦቦ ደቻሳ ነገርኳቸው።

«የአያቱን ቋንቋ ረሳሁት ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ኧረ ምስኪን፣» አሉ ኦቦ ደቻሳ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። «የቀረውን ያህል ይንገረን።»

ሚስተር ኦወን እንደገና አስጀመሩት። ከጩኸቱ ውስጥ አንድ አንድ ቃል፣ እሾህ ከእግር እንደሚነቅል ሰው ማውጣት ያዙ። ውሃ። ጭጋግ። ጥቁር። ነይ። «ቦ» የሚለውን ስጠይቃቸው ፈገግ አሉና በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። በዚህኛው ጊዜ በአማርኛ አልተረጎምኩም።

«ሳአ፣» አልኳቸው ኦቦ ደቻሳን።

«ሳአ? ላም?»

«ሳአ። ጥቁር ላም ናት። ነይ እያለ የሚጠራት እሷን ነው።»

አማረች ግን አላመነችም። «ታዲያ ላም የሚጠራ ሰው እንዲህ ይጮሃል?»

«ሩቅ ናት፣» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «ላም ከጭጋጉ ማዶ ከሆነች ዋሽንት አይደርሳትም። እኔም እንዲህ ጮሄ አውቃለሁ፤ አንቺ ስላልሰማሽኝ ነው። ዘነቡ፣ ጠይቂው። መጣች ወይ?»

ሚስተር ኦወን እስከ መጨረሻው ሰሙ። «አይልም። ነይ፣ ነይ እያለ ያልቃል።»

ስተረጉምላቸው ኦቦ ደቻሳ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ታዲያ ምን ይበል! እኔ አልሰጠሁትማ። የሰጠሁት ኮቱ የሚለውን ብቻ ነው። ገሊ የሚለውን አልሰጠሁትም።»

እኔ እንኳ ይህን አላውቅም ነበር። ጥሪው ሁለት ነው ለካ። አንዱ ላሟን ከሜዳ ይጠራታል፤ ኮቱ፣ ነይ። ሌላው አጭር ነው፤ ስትደርስ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመው የሚነፉላት፤ ገሊ፣ ግቢ። ያንን ሳይሰማ የቀረ ከብት ደጅ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ፋብሪካው በር ላይ ደግሞ ላምም በረትም ስለሌለ ኦቦ ደቻሳ ገሊን አልነፉም፤ በረት በሌለበት ገሊ አይባልም።

«እና አሁን ያቺ ላም እዚያ ቆማለች፣» አሉ። «ጠይቂልኝ። እነዚህ ልጆች በረት አላቸው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ማቅረብ ያሳፍር ነበር፤ አቀረብኩት። ሚስተር ኦወን ሳቁ። ኮናልና ጓደኞቹ የሚለማመዱት በአባቱ እርሻ፣ የድሮ የላም ጋጥ ውስጥ ነው አሉ፤ ጎረቤት አላስቀምጥ ብሏቸው።

«በረት አላቸው፣» አልኩ፤ ቃሉን ፊደል በፊደል እየረገጥኩ። «በ፣ ረ፣ ት።»

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ደቻሳ ዋሽንቷን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ጀማል ሞንታርቦውን ነቅሎ፣ ደንበኞቹን አስወጥቶ፣ አዲስ ካሴት አስገባ፤ ሚስተር ኦወን ለኮናል ሊወስዱለት ቃል ገብተዋል። ኦቦ ደቻሳ ወደ ውስጥ አልገቡም። በሩ ደፍ ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ።

«ኦቦ፣ ማይኩ እዚህ ነው፣» አለ ጀማል።

«ላሟ የምትመጣው በዚያ ነው።»

ጀማል ገመዱን እስኪወጠር ጎትቶ ማይኩን አጠገባቸው አደረሰው። ኦቦ ደቻሳ ነፉ። አጭር ነበር፤ ከላይ ጀምሮ ዝቅ እያለ የሚሄድ፣ ሰው ትከሻው ላይ ያለውን ሸክም ቀስ ብሎ ሲያወርድ የሚመስል። አስፋልቱ ላይ የአህያ ጋሪ አለፈ፤ እሱም ተቀዳ። ጀማል አጠፋው።

«ልመልሰውና ይስሙት ኦቦ?»

«እኔ ምን ያደርግልኛል? ለላሟ ነው፣» አሉ። ዋሽንቷን ወደ ጨርቁ ሳይመልሱ ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱና፣ «የራሴዎቹን ማታ እጠራለሁ» ብለው ወደ ጓሮው በር ሄዱ።